ሳንዞር ድምፅ የሰጠንበት ቀን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ። በአሶሳ የሚያዝያ ሙቀት ጋቢ መልበስ ምን እንደሆነ የለበሰ ያውቀዋል። ላቤን እየጠረግኩ ንግግሩን አዳመጥኩ። የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዚዳንት ስለ እኔ ሲናገር፣ «እሳቸው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን ግቢያችን የሰላም ግቢ ነበር» አለ። ተጨበጨበ። ሰው ሲያጨበጭብ ዝም ማለት እብሪት ስለሚመስል እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ያ ሰላም ግን የእኔ አልነበረም። የኮሚቴውም አልነበረም። ባለቤቱ ሃሩን የሚባል ሰው ነው። ዛሬ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ብሎኬት ያመርታል። በሽኝቱ ላይ ስሙን ያነሳ የለም። ስለዚህ እኔ ላነሳው ነው።

አስቀድሜ ስለ ሙያዬ ልናገር፤ የሚወደው ሰው ስለሌለ አጭር ይሆናል። የተማሪዎች ሥነ ምግባር ደንብ ሰው ለመቅጣት የተጻፈ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ሰው እንዳይቀጣ የተጻፈ ነው ባይ ነኝ። ለመቅጣትማ ደንብ አያስፈልግም፤ ቁጣና አንድ ስም ይበቃል። ክሱ በጽሑፍ ይድረሰው፣ መልስ የሚያዘጋጅበት ጊዜ ይሰጠው፣ ምስክር ይሰማ፣ ይግባኝ ይበል የሚለው አሰልቺ ዝርዝር ሁሉ ቁጣው እንዲበርድ የተሠራ ማዘግያ ነው። ይህን የምለው ወረቀት ስለምወድ አይደለም። ደመወዛችን ወረቀት የሚያስወድድ አልነበረም።

ሥራ የጀመርኩት ቶንጎ ነው፣ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ሆኜ። ዳይሬክተራችን መስኮት በተሰበረ ቁጥር ክፍሉን በሙሉ ጠጠር ላይ ያንበረክኩና፣ «ጥፋተኛው እስኪወጣ አትነሱም» ይሉ ነበር። ሁልጊዜም አንድ ልጅ ይወጣል። እሳቸው ይህን የሕሊና ድል ይሉታል። እኔ ዳር ቆሜ ሳይ የሚወጣው ልጅ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጠው ነበር፤ በኳስ መስኮት የሚሰብርበት ዕድሜ ያለፈው። ይገረፋል፣ ጉልበቱን ያራግፋል፣ ይቀመጣል። ሌሎቹም ከዚያ በኋላ በእረፍት ሰዓት ውሃ ያቀብሉታል። ይህን ያኔ በደንብ አላሰብኩበትም።

ከዚያ ገነተ ማርያም ተዛወርኩ። እዚያ ያገኘሁት አለቃ የመጣለትን ክስ ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ «ጊዜ ይፈታዋል» የሚል ሰው ነበር። ጊዜ አንዳንዱን ፈታው። አንዳንዱን ደግሞ ተማሪዎቹ ራሳቸው በዱላ ፈቱት። በመጨረሻ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ አሶሳ መጣሁ። ስሙን ወደማልጠራው ግቢ ገባሁ፤ ከማስተማሩ ጎን የኮሚቴው ጸሐፊ አደረጉኝ። ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ድምፅ የለውም። እንደኔ መከራከር ለሚወድ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ መስጠት የአስተዳደር ብልሃት ነው።

ሊቀመንበሩ ጋሽ ዲንሳ ነበሩ። ከወለጋ የመጡ የሂሳብ መምህር፤ እሑድ እሑድ ባምባሲ ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው በወፍራም ድምፅ የሚዘምሩ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ስብሰባውን ከትልቁ አዳራሽ ማውጣት ነው። አዳራሹ ውስጥ እኛ ረጅም ጠረጴዛ ይዘን እንቀመጣለን፣ ተማሪው መሀል ላይ ይቆማል። «ይህ ልጅ ገና ሳይናገር ተፈርዶበታል» አሉና ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወዳለች ጠባብ ክፍል ወሰዱን። ወንበሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። ማን ከሳሽ ማን ተከሳሽ እንደሆነ ከውጭ የመጣ ሰው መለየት ያቅተው ነበር።

«ለምን» ብለው አይጠይቁም። ለምን ሲባል ሰው ታሪክ ይፈጥራል ይላሉ። የእሳቸው ቃል «አሳየኝ» ነበር። አንድ ጊዜ ላፕቶፕ ጠፋ ተብሎ፣ የቁምሳጥኑ ትርፍ ቁልፍ በእጁ የነበረ የክፍል ጓደኛ ተከሰሰ። ቁልፉ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ነገሩ ያለቀ መሰለን። ጋሽ ዲንሳ ሁላችንንም ይዘውን ዶርም ሄዱ። ከሳሹን «እንዴት እንደቆለፍከው አሳየኝ» አሉት። ቆለፈው። እሳቸው ጎንበስ ብለው የመዝጊያውን ታች በጫማቸው ጫፍ ከፍ ሲያደርጉት ቁልፉ ሳይነካ ተከፈተ። ቀጥሎ ያለውንም እንዲሁ። የብሎኩ ቁምሳጥኖች ሁሉ እንዲያ ነበሩ። ልጁ በነፃ ሄደ። ላፕቶፑ አልተገኘም፤ ይህ ያሳዘናቸው ሰዎች ጋሽ ዲንሳን ለሌባ የሚያዝኑ ሰው አድርገው አወሩባቸው።

ሌላው ልማዳቸው ዙሩ ነው። ነገሩ ተሰምቶ ካለቀ በኋላ፣ እጅ ከመውጣቱ በፊት፣ እያንዳንዱ አባል ብቻውን ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሮ ይመለሳል። ማውራት ክልክል ነው። ስልክም ክልክል ነው። በማንጎዎቹ ሥር አልፈህ፣ ካፌውን ዞረህ፣ በሴቶች ዶርም በኩል ትመለሳለህ። እኔ ድምፅ ባይኖረኝም እዞር ነበር። ብዙ ሰው ዞሮ ሲመለስ ሐሳቡን አይለውጥም፤ ግን ሲናገር ጩኸቱ ይቀንሳል። ተማሪዎቹም አወቁት። አንገታችንን ደፍተን ተራርቀን ስንሄድ ሲያዩን፣ «ዛሬ የሆነ ሰው ዕጣ እየዞረ ነው» ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ሃሩን ልምጣ።

አንድ ዓመት በበጋው ወቅት በግቢው ውሃ ጠፍቶ ነበር። የሚሠራው ከካፌው ጀርባ ያለው ቧንቧ ብቻ ነው። ተማሪው ጃሪካኑን አሰልፎ ይሄዳል፤ ሰው በሌለበት ጃሪካኑ ወረፋ ይይዝለታል። አንድ ከሰዓት በኋላ የአገሬው ልጆች ጃሪካኖች ከመስመር ወጥተው ተገኙ። ማን እንዳወጣቸው አልታወቀም። ቃል ተወራወሩ፣ ቀጥሎ እጅ፣ ቀጥሎ የተገኘው ነገር። ሲበተኑ ብሩክ የሚባል ከመሀል አገር የመጣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ነበር፤ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ።

ብሩክ ሆስፒታል ገባ። ግቢው ለሁለት ተከፈለ። ያኔ በየቦታው ይሰማ የነበረውን የግጭት ወሬ የሚያስታውስ ሰው ያ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሴት ተማሪዎች አልጋ እየገፉ በር ይዘጉ ጀመር። ወላጆች ከየአገሩ ይደውሉ ነበር። ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ተብሎ የሚጠበቀው ከእኛ አንድ ስም ነበር።

ስሙ ሳንፈልገው መጣ። ሃሩን የሲቪል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው፣ ከመንጌ በኩል የመጣ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ። የተግባር ልምምዱን ጉባ ግድቡ ላይ ሠርቶ የተመለሰ፣ ሲመረቅ እዚያው ሊቀጥሩት ቃል የተገባለት ልጅ ነበር። ከግጭቱ በኋላ ስኳርና ሳሙና ይዞ ሆስፒታል ሄዶ፣ ከብሩክ አልጋ ሥር ተንበርክኮ፣ ጓደኞቹ ሁሉ እያዩ ይቅርታ ጠየቀ። ወሬው እሱ ግቢ ሳይደርስ ደረሰ። ያላጠፋ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል?

ክሱ ደርሶት ቀኑ ሲደርስ ያቺ ጠባብ ክፍል ሞላች። ጋሽ ዲንሳ፣ የሕግ መምህሩ ናሁሰናይ፣ ከሴቶች ጉዳይ ወይዘሮ ትርሲት፣ የተማሪዎች ኅብረት ተወካዩ፣ እና ብዕር የያዝኩት እኔ። ሃሩን እንደኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከውጭ ድምፅ ይሰማል። በመስኮቱ በኩል ተማሪዎች በሁለት ጎራ ቆመው ይታዩ ነበር፤ መሀላቸው ባዶ ሣር ብቻ።

«የተጻፈብህን በራስህ ቃል ንገረኝ እስቲ» አሉ ጋሽ ዲንሳ።

«ብሩክን መታ ይላል። እውነት ነው ኡስታዝ። እኔ ነኝ።» በርታ ተማሪዎች መምህርን ኡስታዝ ይላሉ። ሃሩን አማርኛን ትምህርት ቤት ነው የተማረው፤ ለትልቁም ለትንሹም፣ ለሴቱም ለወንዱም አንተ ይላል፣ ማንም ተቀይሞት አያውቅም።

ናሁሰናይ ብዕሩን ከደነ። «አመነ እኮ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

«አሳየኝ» አሉ ጋሽ ዲንሳ፣ እንዳልሰሙት ሁሉ። ተነሥተው ሃሩን ፊት ቆሙ። «እኔ ብሩክ ነኝ። የት ቆመሃል?»

ሃሩን ተነሣ። ትንሽ አመነታና ፊት ለፊታቸው ቆመ።

«በምን መታኸኝ?»

«በድንጋይ።»

«የት ላይ?»

ሃሩን እጁን ዘርግቶ የሽማግሌውን ግንባር በጣቱ ጫፍ ነካ። በጣም ቀስ ብሎ፣ እንዳያምማቸው።

ጋሽ ዲንሳ ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። «ትናንት ብሩክን ልጠይቅ ሄጄ ነበር» አሉ። «ፋሻው ግንባሩ ላይ ዞሯል፤ አንተም ያየኸው እሱን ነው። ፋሻ ግን ጭንቅላትን ይዞራል ልጄ። ቁስሉ ማጅራቱ ላይ ነው።»

ሃሩን እጁን ተመለከተ፣ የተሳሳተው እጁ ይመስል።

ያን ቀን ጋሽ ዲንሳ የራሳቸውን ደንብ ሲያፈርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። «ለምን ሄድክ ሆስፒታል?» አሉት።

«ጃሪካኑ የኛ ነው። ጠቡ ከኛ ወረፋ ነው የተነሣ። በኛ መንደር ደም ከወጣ ታላቁ ይሄዳል፣ ይቅርታ ይላል። አባቴ ሄዷል፣ አያቴ ሄዷል። ዶርም ውስጥ ታላቁ እኔ ነኝ።»

«የመታው ማነው ታዲያ?»

«አይጠየቅም ኡስታዝ። ታላቁ ከሄደ በኋላ አይጠየቅም። ለዚያ ነው የሚሄደው።»

«እዚህ ግን ያባርሩሃል» አሉት ወይዘሮ ትርሲት። «መንደርህ ቢሆን ታርቀህ ቤትህ ትገባለህ። እዚህ እርቅ የለም፣ የቅጣት ውሳኔ ነው ያለው። ገብቶሃል?»

«ገባኝ። አንተ አታስብ» አላቸው ሃሩን ወይዘሮ ትርሲትን። «ካላባረራችሁኝ ደግሞ ልጆቹ አይሄድም። እዩት።» በአገጩ ወደ መስኮቱ አመለከተ።

በውስጥ በር አሳልፈን የቤተ መጻሕፍቱ መጋዘን ውስጥ አስቀመጥነው፤ ከእኛም ከውጭ ካሉትም እንዲለይ። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። ክርክር የምለው ጋሽ ዲንሳ በአንድ ወገን፣ ሌሎቹ ሁሉ በሌላ ወገን ማለቴ ነው።

ናሁሰናይ ሞኝ ሰው አልነበረም። «ጋሼ፣ እኔም እሱ አልመታውም ብዬ ነው የማምነው» አለ። «ግን መዝገቡ ላይ ያለው የእምነት ቃል ነው። እኛ ባላመነበት ልንቀጣው አይደለም። እሱ ነው ያመነው።»

«ለሰላም ብሎ ያመነውን ሰው ጥፋተኛ ብለህ ትጽፈዋለህ?»

«አይ፣ እኔ አልጽፍም። ጸሐፊው ነው የሚጽፈው» አለ። ፈገግ ለማለት ሞክሮ ተወው።

«እሺ» አሉ ጋሽ ዲንሳ፣ «ቁስሉ ከኋላ ነው። ብሩክ ፊቱን ወደ አገሬው ልጆች አዙሮ ነበር። ከኋላው ማን ነበር የቆመው?»

ይህ ጥያቄ እንዲመለስ የፈለገ አልነበረም። የተማሪዎች ተወካዩ ጫማውን ያይ ጀመር። ከብሩክ ኋላ የነበሩት የብሩክ ጓደኞች ናቸው። ሙሉ ጃሪካን እያወዛወዘ የሚጣላ ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ አይመታም። ሃሩን ጥፋተኛ ካልሆነ ጥፋቱ ወደ ሌላኛው ጎራ ይሻገራል፤ የተንበረከከውም የዋሸ ጭምር ይሆናል። ይህ ሲነገር ከመስኮቱ ውጭ ያለው ባዶ ሣር ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር።

የጋሽ ዲንሳ ስልክ ጠራ። ከላይ ነው። አዳመጡ፣ «እየተነጋገርን ነው» አሉ፣ ዘጉት። ወዲያው የናሁሰናይ ጠራ።

ቀጥሎ የተናገሩት ወይዘሮ ትርሲት ነበሩ። «ጋሼ፣ እኔ የማስበው አልጋ ገፍተው በር የዘጉትን ልጆች ነው። ሃሩን ቢባረር ወደ አባቱ ቤት ይሄዳል። ዛሬ እዚህ ነገር ቢነሣ ግን ወደ አባታቸው ቤት የማይመለሱ አሉ። እሱ ራሱ ይህን አውቆ መጥቷል። እኛ ከእሱ የበለጠ እናውቃለን ልንል ነው?»

ለዚህ የሚሆን መልስ እስካሁን አላገኘሁም። ብዙ አንብቤያለሁ። ስለ ፍትሕ የተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍት ቤቴ ውስጥ ግድግዳ ሆነዋል፤ ያን ቀን ሴትዮዋ የጠየቁትን የሚመልስ ገጽ አላገኘሁባቸውም። ጋሽ ዲንሳ የነበራቸው ልማዳቸው ነው። «እንግዲያው እንዙር» አሉና ተነሡ።

በሩን ስከፍተው ሁለቱም ጎራ በአንድ ጊዜ ወደ እኛ ተጠጋ። አንዱ፣ «ወሰናችሁ?» አለ። ሌላው፣ «ማን ነው በሉን» አለ። ከኋላ የሆነ ሰው ዱላ ይሁን እንጨት መሬት ይመታ ነበር። የግቢው ጥበቃ፣ «ጋሽ ዲንሳ፣ አይውጡ፣ እባክዎ» አለ። ናሁሰናይ እጁን አሳልፎ በሩን ዘጋው።

ጋሽ ዲንሳ በተዘጋው በር ፊት ቆመው ቀሩ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

እጅ ወጣ። ከሊቀመንበሩ በቀር የሁሉም። ወይዘሮ ትርሲት የራሳቸውን ሲያወጡ ክንዳቸው በጣም የከበዳቸው ይመስል ነበር። እኔ ጻፍኩ፦ ሙሉ በሙሉ ከትምህርት ገበታ እንዲሰናበት። ጋሽ ዲንሳ ተቃውሟቸውን አስመዝግበው ፈረሙ።

ውሳኔው ከደጃፉ ተነበበ። የተደሰተ አልነበረም፣ የተቆጣም አልነበረም። አንዱ ወገን የሚፈልገውን አገኘ፤ ሌላው ወገን ታላቁ ሄዶ ነገሩ እንደተዘጋ ዐወቀ። የካፌው ደወል ተደወለ። ሁሉም ምሳቸውን ሊበሉ ሄዱ። ያ ባዶ ሣር ላይ ከጥቂት ቀን በኋላ ተማሪዎች ኳስ ሲጫወቱበት አየሁ፤ በአንድ ቡድን ተቀላቅለው። ሠርቷል። ይህን መካድ አልችልም። የሚያናድደኝም መሥራቱ ነው።

የይግባኝ ጊዜው ሳያልፍ ጋሽ ዲንሳ ራሳቸው መንጌ ድረስ ሄዱ። ብሩክም እስከዚያ ድኖ ነበርና፣ ሃሩን እንዳልመታው ለመመስከር በጄ ብሎላቸዋል። ሃሩን ይግባኙ ላይ መፈረም ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ተመለሱና አንድ ማዳበሪያ ማንጎ ቢሮዬ በር ላይ አራገፉ።

«አባቱ ነው የሰጠኝ» አሉ። «አብልተው፣ መርቀው ላኩኝ። ልጁ ግን አልፈርምም አለ።»

«አስረድተውት ነው?»

«እሱ ነው ያስረዳኝ» አሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ሊቀመንበርነቱን ለቀቁ። ዙሩም አብሯቸው ቀረ። አዲሶቹ ጊዜ የሚያባክን ልማድ ነው አሉት፤ ትልቁ አዳራሽና ረጅሙ ጠረጴዛም ተመለሱ። እኔ ቆየሁ። ደንቡ ሲሻሻል አርቃቂዎቹ ውስጥ ገባሁና አንድ ዐረፍተ ነገር አስጻፍኩ፦ ተማሪ ለተጎዳ ሰው ይቅርታ መጠየቁ ብቻውን ጥፋቱን እንዳመነ ተደርጎ አይወሰድም። ለዚያች ዐረፍተ ነገር ስንት ስብሰባ ላይ እንደተጣላሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ናሁሰናይ ደገፈኝ፤ ምክንያቱን አልተናገረም።

ጋቢውን በተሸለምኩ ሳምንት ወደ ባምባሲ መንገድ ሄድኩ። ደንቡን ይዣለሁ። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይለት የሚጠይቅ ማመልከቻም አዘጋጅቻለሁ፤ በአዲሱ ደንብ የቆየ ውሳኔ እንደገና ሊመረመር ይችላል። ለመመረቅ የቀረው የመጨረሻ መንፈቅ ብቻ ነው። ሃሩን በሲሚንቶ በነጣ ሱሪ፣ ሠራተኞቹ መሀል ጎንበስ ብሎ ብሎኬት ከቅርጹ ያወጣ ነበር። ጠና ብሏል። የሰው ቤት ፕላን እንደሚያወጣና ሌላ ባለፈቃድ እንደሚፈርምለት አስቀድሜ ሰምቼ ነበር።

«ኡስታዝ፣ ጡረታ ወጣህ አሉኝ። እንኳን አደረሰህ፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ተገላገልክ» አለኝ።

አንቀጿን አነበብኩለት። በትኩረት አዳመጠ፣ እንደገና እንዳነብለትም ጠየቀ።

«ጥሩ ነው» አለ። ቀጥሎ፣ «ይሄ ያኔ ቢኖር እኔ መታሁ ስል ማን ያምነኝ ነበር?»

«ማንም።»

«እንኳን ያኔ አልጻፍከው።»

ማመልከቻውን አወጣሁ። እጁን በሱሪው ጠርጎ ያዘው፣ አነበበው። «እኔ ካልሆንኩ ማነው ይላሉ» አለ።

«ይሉ ይሆናል።»

«ብሩክ ልጅ ወልዷል፤ ደውሎልኝ ነበር። ጓደኞቹ ሁሉ ሥራ ይዟል። አንዱ ጉባ ነው።» ጉባ ሲል ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው እንዲያ ያደረገው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

ልከራከረው አፌን ስከፍት ወደ እግሬ ጠቆመኝ። ትኩስ ብሎኬት ልረግጥ ነበር። «በዚያ ዙር ኡስታዝ። እርጥብ ነው።»

በተደረደሩት ብሎኬቶች ዙሪያ ሄድኩ። ረጅም ነው፤ እስከ አሸዋው ክምር ደርሶ ይመለሳል። ብቻዬን፣ ሳላወራ። እሱም ቆሞ ያየኝ ነበር፤ ድሮ ተማሪዎቹ ስንዞር እንደሚያዩን። ተመልሼ አጠገቡ ስደርስ፣ «እሺ፣ ዞረህ መጣህ። ምን ትላለህ?» አለኝ።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«አንተ አይደለህም» አልኩት።

ሃሩን ቀና ብሎ ሠራተኞቹን አየ፣ የሰማ እንዳለ ብሎ።

«ቀስ በል ኡስታዝ» አለኝ። «ሰው ይሰማል።»